ወደብ ላይ የቆመችው ሴት

«በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን? ሰው ምን ይላል?» አለች የሟች እህት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የጣለችውን አንሶላ እያስተካከለች።

ልብስ ሰፊው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቶች ቡና ይዘው ስለ ሟች ሚስቱ ያወራሉ።

«ዝምተኛ ነበረች» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ቃል ካወጣችማ ዛሬ ዝናብ ነው እንል ነበር» አለች የጋጋሪው ሚስት። ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

ልብስ ሰፊው ወለሉን ያያል። የሚያወሩት ስለ ሌላ ሴት መሰለው።

መርፌ ዓይኑን ከጨረሰው ወዲህ የሰው ፊት ለእሱ ጭጋግ ነው። እራት ሲነሳ ሚስቱ ሴት ልጃቸው በኢንተርኔት ያስገባችላቸውን የስፓኒሽ ተከታታይ ድራማ ትከፍት ነበር። ሰማያዊው ባሕር ነው፤ ቀዩ የሴትዮዋ ቀሚስ። ንግግሩ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ አንዱንም አያውቀውም። ሚስቱ «ጠጋ በል» ትለውና ከሥር የሚሮጠውን የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ታነብለት ነበር።

«ወንድሜ ሳይመጣ ከዚህ ወደብ አልነቃነቅም አለች።»

«ሰዓት ሠሪውስ?»

«ይወዳታል። ግን ኩሩ ነው፣ አፉን አይከፍትም። እንዳንተ።»

ቀኑን ሙሉ ዝም ያለችው ሴት እዚያ ሶፋ ላይ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ሆና ታወራ ነበር። ከድራማው አንድ ክፍል ሲቀር ታመመች። ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «ወንድሟ ይመጣል?» አላት።

«ቆይ እንጂ። አብረን እናያለን።»

ምሳ ላይ ለቀስተኛው ሳሳ። የሟች እህት ጋደም አለች። ልብስ ሰፊው ሴት ልጁን እጇን ያዛት።

«ይመጣ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ልጅቷ አንሶላውን ገለጠች። ያለ እሱ ጽሑፍ የማይታያትን መነጽሯን አድርጋ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። ባሕሩ መጣ፣ ቀዩ ቀሚስ መጣ።

«"ባሌን የገደልከው አንተ ነህ። ፖሊስ ጠርቻለሁ" አለችው።»

«ማንን?»

«ጠበቃውን።»

«ምን ጠበቃ? ሰዓት ሠሪው ነው እንጂ። ወንድሟስ?»

«አባዬ፣ ወንድም የላትም።» ምስሉን አቆመችው። «ማን ነው ያነበበልህ?»

«እናትሽ ናታ። ሌላ ማን አለኝ?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «እማዬ የመድኃኒቷን ጽሑፍ እንኳ ፎቶ አንስታ ትልክልኝ ነበር፣ አንብቢልኝ እያለች» አለችው። «ዓይኗ ካንተ አይሻልም ነበር። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብላኛለች።»

ልብስ ሰፊው ወደ ጭጋጉ አየ። ሰዓት ሠሪው፣ ወንድምየው፣ ወደቡ ላይ የሚጠበቀው መርከብ፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ሄደዋል።

«እንግዲያ መጨረሻውን የሚያውቅ የለም» አለ።

የመኝታ ቤቱ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። አክስቷ ልትነሳ ነው። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ምስሉን አስነሳችው። ቀዩ በቀስታ ወደ ሰማያዊው ተራመደ።

«መርከብ እየመጣ ነው» አለች።

«ማን አለበት?»

ልብስ ሰፊው ማንም ሳይለው ጠጋ አለ።