አቶ ይፍሩ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዴት እንደወጡ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ይፍሩ ከግራው ሞኒተር ወጥተው ወደ ቀኙ ተሻገሩ። ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

ልጃቸው ትርሲት ደሴ ውስጥ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት፣ ሳሎን ተቀምጣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለች። በግራው ሞኒተር ጥሬውን ቀረጻ ትዘረጋለች፣ በቀኙ ትቆርጥና ትቀጥላለች፣ ያለቀውን ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ታየዋለች። ያን ዕለት በግራው የታላቅ ወንድሟ የድሮ ሰርግ፣ በቀኙ ለሐሙስ ልታስረክብ የቀጠረችው የኮምቦልቻ ሰርግ ነበር። አቶ ይፍሩ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለውን ሰው ይቅርታ ጠይቀው ተነሱና በስክሪኑ ጠርዝ ወጡ። ወዲያው ኮምቦልቻ ገቡ። ማንንም ስለማያውቁ በሩ አጠገብ ቆሙ።

ትርሲት ኬብሎቹን ፈተሸች። ሁሉም በቦታቸው ናቸው። እናቷን ጠራች።

ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ከስቷል» አሉ።

«ሞኒተሩ ነው እማዬ። ሰው ያቀጥናል።»

«ከማያውቀው ሰው መሃል ምን ያቆመዋል? ወደ ቴሌቪዥኑ አምጪው። እዚህ ሆኖ ለእኔም በደንብ አይታየኝም።»

ትርሲት ቀላል መስሏት ነበር። ቪዲዮውን ወደ ቴሌቪዥኑ ስታሳልፈው ሰርገኛው በሙሉ ሄደ፤ አባቷ ብቻቸውን ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቀሩ። ወደ ላይ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ አዩና ጉልበታቸውን አሻሹ። ሰርገኛውን መለሰችላቸው።

ረቡዕ፣ የቪዲዮውን ቅምሻ የላከችላት የኮምቦልቻዋ ሙሽራ ደወለች።

«እኚህ ግራጫ ኮት የለበሱ አባት በማን በኩል ናቸው?»

ትርሲት ደነገጠች። «ይቅርታ፣ አወጣቸዋለሁ።»

«ኧረ እንዳታወጪያቸው! አያቴን እጇን ይዘው ያስነሷት እሳቸው ናቸው። እኛ እኮ ስትጨፍር አይተናት አናውቅም።»

ትርሲት ቀኙን ሞኒተር አየች። እውነትም አባቷ ከአንዲት ባልቴት ጋር እስክስታ ይመታሉ። ወይዘሮ አስካለም አዩ። 

«ከእኔ ጋር አንድ ቀን እንኳ አልጨፈረም» አሉ። «ፍላሹን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ነገ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።»

«አብሯቸው ሊሄድ ነዋ! አይሆንም። አንድ ሰርግ ጨፍሯል፣ ይበቃዋል።»

ሐሙስ ጠዋት ትርሲት ካሜራዋን አምጥታ ሳሎኑን ቀረጸች። እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ከጎናቸው ቦታ ትተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሌንሱን አዩ። ያንን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችው። ከዚያ ከኮምቦልቻው ቀረጻ ሰርጉ የተደረገበትን ሆቴል ደረጃ መረጠች፤ መደገፊያ ያለውን። የመጨረሻው እርከን ከቀኙ ሞኒተር የላይኛው ጠርዝ ጋር እስኪገጥም ድረስ ስታስተካክል አንድ ሰዓት ፈጀባት።

አቶ ይፍሩ የባልቴቷን እጅ ለቀቁና እጅ ነሷቸው። ደረጃውን ይዘው ወጡ። ሁለት ጊዜ አረፉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉና ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ።

«ቆየህ» አሉ የቴሌቪዥኑ ወይዘሮ አስካለ።

«ደረጃው ነው።»

ከዚያ አቶ ይፍሩ ወደ ትርሲት አተኩረው አዩ። «ይቺ ልጅ ከስንት ስክሪን ጋር ነው የምትታገለው? ዓይኗን አያማትም?»

«ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት።»

ትርሲት «አባዬ» አለች። አቶ ይፍሩ ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉና ቴሌቪዥኑን ከውስጥ አጠፉት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ራሷ መጣች። ትርሲት ፍላሹን ከመስጠቷ በፊት ጭፈራውን አሳየቻት። አያቲቱ አሁንም ይጨፍራሉ፣ አንድ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው። የያዛቸው ሰው አይታይም። ሙሽራዋ እንባዋን ጠርጋ አመሰገነችና ሄደች።

ትርሲት በሩን ዘግታ ስትመለስ እናቷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መላ ሰውነታቸው ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ጭንቅላታቸው ትከሻ ላይ እንዳረፈ ሰው ጋደል ብሏል። በግራቸው ማንም የለም። ትርሲት ትራስ ልታደርግላቸው ቀረበችና ቆመች። ወይዘሮ አስካለ ምንም ሳይደገፉ፣ ሳይወድቁ፣ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የሌላ ሰው አተነፋፈስ እንደሚያነሳቸውና እንደሚያወርዳቸው ሁሉ።