በሃምሳው የጾመ ሰው

ጋሹ የቤቱን እህል አልቀምስም ያለው ሚስቱ አምለሰት ሥራ ባገኘች ማግስት ነው። እሱ ቡሬ ከተማ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነበር። መንገዱ እየተዘጋ ስንዴ አልገባ ሲል ፋብሪካው ሠራተኞቹን አሰናበተ። በመጀመሪያው ሰሞን "ይከፈታል" እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይውል ነበር። ኋላ ጢሙን አሳድጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ለመደ።

አምለሰት ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ስትቀጠር "እሰይ፣ እንኳን ቀናሽ" አላት። በማግስቱ ማታ እራት ሲቀርብ ግን እጁን አልታጠበም።

"ጾም ይዣለሁ።"

"በሃምሳው?" አለች ደንግጣ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ዓርብና ረቡዕ እንኳ አይጾምም።

"የግሌ ነው።"

እናቱ ከሽንዲ የላኩለትን ቆሎ ብቻ እየቆረጠመ ሰነበተ። እሱም አለቀ። ሱሪው ከወገቡ አልቆም ሲል አምለሰት የንስሐ አባታቸውን ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ጠራች።

"ልጄ፣ ይህ የደስታ ወራት ነው። ማን ፈቅዶልህ ትጾማለህ?" አሉት።

"ጾምስ አይደል አባ። እሷ የሰው ደም ስትጠርግ ውላ ያመጣችውን፣ እኔ ተኝቼ ውዬ እንዴት ልዋጠው? ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።"

"ፋብሪካው ተዘጋ እንጂ አንተ ምን አጠፋህ?"

"አውቃለሁ አባ። ማወቁ አልረዳኝም።"

ቄሱ ሲወጡ "ጠበሉም ይሁን፤ ሐኪም ግን ዛሬ ነገ ሳትይ አሳዪው" አሏት። እሷ ሌላ መላ የታያት መሰላት። በነጋው ሥራዋን ለቀቀች። ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ፊቱ አኖረችና፣

"ይኸው እኔም እንዳንተው ሆንኩ። በል እንብላ" አለችው።

ጋሹ አፍጥጦ አያት። "በኔ የተነሳ?" አለ። ከዚያች ቀን ወዲያ ውኃውንም ተወ።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት ደግፋ፣ ሲያቅተውም አዝላ መኪና ላይ አውጥታ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሟ ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል ነገረቻት። "ያንቺ ሥራ አላመጣበትም፤ በመልቀቅሽም አይድንም" አለቻት።

ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዟል። አሁን የሰው ልብስ ታጥባለች። ጋሹ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ግማሽ እንጀራም ይበላል። አምሮት ይሁን እሷን ፈርቶ አታውቅም። ለመጠየቅም አልደፈረችም።