ስኳር የሌለበት ረቡዕ

ለመናኸሪያ ጀርባ ነጋዴዎች በሙሉ፦ ነገ ረቡዕ ስኳር የለም።

ማስታወቂያውን በር ለበር እየዞሩ ያነበቡት ጡረተኛው መምህር፣ የዛሬው ሲሚንቶ ሻጭ አቶ ወልደሰንበት ናቸው። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም፣ ማስረጃ እንዳይሆን ብለው ነው። ዘይትም የለም አሉ። ሲሚንቶም የለም። ሚስማር ግን ጥቂት ይኑር፣ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ያስጠረጥራል። በማግስቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የቀን ገቢ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፤ ያዩትን ዕቃ አይተው የቀን ሽያጩን ይገምታሉ፤ የዓመቱ ግብር በዚያ ይሰላል። ስለዚህ በሆሳዕናና በዱራሜ መሀል ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ በዓመት አንድ ቀን ትደኸያለች።

አስቸጋሪው ዕቃው የት ይዋል የሚለው ነበር። ሱቆቹ አሥራ አንድ ናቸው። ባለሱቋ ወይዘሮ አስካለች የመኖሪያ ግቢያቸውን ሰጡ፤ ሰፊ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ከመንገድ አይታይም። ግቢው ውስጥ አንዲት ተከራይ መኖሯን ማንም አላነሳም። ተከራይዋ ኤልሳ ናት፤ የገማች ኮሚቴው የሒሳብ ሠራተኛ።

ረቡዕ ጠዋት ኤልሳ በሯን ስትከፍት መውጫ አጣች። ከደጃፏ እስከ ውጭው በር ጆንያና ካርቶን ተደርድሯል፤ በላዩ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዕቃ ነዋ። ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርገሽ በግድግዳው በኩል እለፊ።"

"እኔ እኮ ዛሬ ገማች ነኝ።"

"እሱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። አሁን ገና አንድ ሰዓት ተኩል።" ወይዘሮ አስካለች የሸራውን ጫፍ በድንጋይ ጫን አደረጉት። "ደግሞ አንቺ የቤት ሰው ነሽ። የቤት ሰው ዓይን አይቆጠርም።"

ኤልሳ በግድግዳው በኩል አለፈች። ሥራው ላይ ከቆየች ሦስት ወሯ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው አሞጽ ያየውን ጽፎ ነበር። በሳምንቱ ቤት ልቀቅ ተባለ፤ እስከ ዛሬ በከተማዋ የሚያከራየው አጥቶ በየቀኑ ከዱራሜ በሚኒባስ ይመላለሳል። ሰላምታ ግን አልከለከሉትም።

በሦስት ሰዓት ዙሩ ተጀመረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኃይለኢየሱስ ከፊት፣ የነጋዴዎቹ ተወካይ አቶ ወልደሰንበት ከጎን፣ ኤልሳ መዝገቡን ይዛ ከኋላ። የመጀመሪያው ሱቅ ሦስት ሳሙናና አንድ ድመት ነበረው። ሁለተኛው፣ የጨርቅ ሱቁ፣ ድመትም አልነበረውም። ወይዘሮ አስካለች ሱቅ ሲደርሱ መደርደሪያው ላይ የካርቶኖቹ ቅርጽ በአቧራው መሀል ንጹሕ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ሰኞ ዕለት ኤልሳ እዚሁ ስድስት ሰው ከፊቷ ተሰልፎ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝታለች።

"ሁለት መቶ ሃምሳ ብር በቀን" አሉ ሰብሳቢው።

"እሱም ሲበዛ ነው" አሉ ወይዘሮ አስካለች፣ እያዘኑ።

ኤልሳ ጻፈች። እርሳስ ነው፣ ይጠፋል ብላ ራሷን አጽናናች።

አሥራ ሁለተኛው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ተነቅሎ ግቢ አይገባም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሴቶች እህል ተሸክመው ወረፋ ላይ በሀዲይኛ ይነታረካሉ፣ ባለቤቱ ጠና ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል። ሰብሳቢው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ "ሁለት ሺህ" አሉ።

"ያለፈው ዓመት አምስት መቶ ነው የሚለው" አለች ኤልሳ።

"ከመንገዱ የሚጠበቅ ድምር አለ። አሥራ አንዱ ካነሱ በአሥራ ሁለተኛው ይሞላል። ሒሳብ አይደል የተማርሽው?"

ጠና ሞተሩን አጠፋ። "የኔ እህት፣ በቀን ሁለት ሺህ የሚያስገባ ሥራ ካወቅሽ ንገሪኝና ወፍጮውን ልተወው።"

"ይግባኝ ማለት ይችላሉ" አሉ ሰብሳቢው።

"መቼ?"

"ከከፈሉ በኋላ።"

ጠና ሞተሩን መልሶ አላስነሳውም። መዝጊያውን ጎትቶ ተከተላቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ለፊርማ ወይዘሮ አስካለች ሱቅ ተሰበሰቡ። ኤልሳ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ወደ ቅጹ ገለበጠች። ሻይ ቀረበ፣ ያለ ስኳር። ሁሉም አንድ ጊዜ ፉት እያሉ አመሰገኑ። ከቅጹ ግርጌ "ከላይ የተገለጸውን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ" ይላል፤ ሦስቱ ሳይፈርሙ መነሳት አይፈቀድም። አቶ ወልደሰንበት ፈረሙ። ሰብሳቢው ፈረሙ። ወረቀቱ ወደ ኤልሳ ሲገፋ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ፤ የሐምሌ ዝናብ፣ ሳያስታውቅ፣ በአንድ ጊዜ።

ኤልሳ ቀና ብላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የግቢያቸውን በር አየች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የላይኛው መንገድ ጎርፍ በዚያ በር ሥር እየገባ የአልጋዋ እግር ድረስ ይመጣል። ሸራው የተወጠረው ከላይ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከሥር ነው። ብትናገር ቤቷን ታጣለች። ብትፈርም ጠና ወፍጮውን ያጣል። ዝም ብሎ መቀመጥ ግን እስካሁን ማንንም አላስከፈለም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች።

"ፈርሚና እንነሳ" አሉ ሰብሳቢው።

"ያባራ። ወረቀቱ ይርሳል።"

"ፌስታል አለ" አሉ ወይዘሮ አስካለች ቶሎ ብለው።

"እኔ አልቸኩልም እትዬ። እናንተ ትቸኩላላችሁ?"

የሚሸጥ ዕቃ የሌለው ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ሁሉም አንቸኩልም አሉ።

ዝናቡ ጨመረ። ወይዘሮ አስካለች ባዶውን መደርደሪያ በጨርቅ መወልወል ጀመሩ፣ ያንኑ ቦታ ደጋግመው። አቶ ወልደሰንበት ተነሱ፣ በሩ ድረስ ሄዱ፣ ተመለሱ።

"ምነው ጋሼ፣ አይቀመጡም?" አለ ጠና ከደጃፉ።

"እግሬን ደንዝዞኝ ነው።"

"ጋሼ፣ ሲሚንቶ ውሃ ከነካው በኋላ ይሸጣል እንዴ?"

"እኔ ሲሚንቶ የለኝም።"

"ለማወቅ ያህል ነው።"

"አይሸጥም" አሉ አቶ ወልደሰንበት፣ ተቀመጡም። "ድንጋይ ነው የሚሆነው።"

"ስኳርስ?"

"ስኳር ይሟሟል" አሉ ወይዘሮ አስካለች። ጨርቁ እጃቸው ላይ ቆመ።

መንገዱ ላይ ቡናማ ጎርፍ መውረድ ጀመረ። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ታጠፈና በሥሩ ገባ። አምስቱም አዩት። አንዱም አላየም። ኤልሳ ቅጹን በክርኗ ተጭና ያንን መራራ ሻይ ጠጣች። አቶ ወልደሰንበት ሰማዩን አይተው "ይገለጣል" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ግን "ይ" ብለው ተዉት። ወይዘሮ አስካለች የኤልሳን እስክሪብቶ ያያሉ፣ ክዳኑን ያያሉ፣ ኤልሳን ግን አያዩም።

ቀድመው የተነሱት አቶ ኃይለኢየሱስ ናቸው። የሻይ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን በቅድሚያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን እስከ ጉልበት አጠፉ። የወይዘሮ አስካለችን ጃንጥላ ከሚስማሩ አወረዱ፣ ማንንም አልጠየቁም፣ መንገዱን ተሻግረው የግቢውን የቆርቆሮ በር በትከሻቸው ገፉት።

ከዝናቡ ውስጥ የሰብሳቢው ድምፅ መጣ፣

"ወይዘሮ አስካለች፣ የባለቤቴ የሱቅ ጨርቆች የት ጋ ናቸው?"

"ከሲሚንቶዬ ጀርባ" አሉ አቶ ወልደሰንበት።