ብርጭቆ ውስጥ የገባ ሰዓት

ቀጭኑ ሰዓት ግን ያምራል፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሸሚዝ እጅጌ ስር ሾልኮ የሚገባ ዓይነት ነው፣ ሠርግ ቢጠሩ፣ ለቅሶ ቢደርሱ፣ ባሏ ወዬሳ እጁን ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፍ ብልጭ ይላል፣ ሰዎቹም የየሺዓለም ባል ያልፍለት ጀመር እንዴ ይላሉ፣ ይበሉ፣ የመሬት ሰዓት ነው፣ ስም አወጣችለት፣ የመሬት ሰዓት፣ ያኛው ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ አሁን ከፊቷ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ፣ ኧረ ሳይጠጣ፣ ወሬው ሁሉ ሳይጠጣ ነው፣ እሱ ደግሞ የውሃ ሰዓት። ሁለት ሰዓት፣ አንድ ባል። እስቲ አሁን ይሄ ምን የሚሉት ምርጫ ነው።

ጥፋቱ የጋሽ አብዱናሲር ነው። ደህና ሰዓት ያሳዩኝ፣ ባሌ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ነው ብላ ባትቀባጥር ኖሮ ቀጭኑን አስጠቅልላ ይሄኔ ቤቷ ነበረች፣ ሐይቅ የሚለውን ሲሰሙ የሰውዬው ዓይን በራ፣ ተነሡ፣ ከጀሪካኑ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀዱ፣ ጥቁሩን ሰዓት ከነማሰሪያው ቦጭ አደረጉት፣ ልጄ፣ እኔ ብነግርሽ ነጋዴ ነው ይዋሻል ትያለሽ፣ እሱ ራሱ ይንገርሽ፣ የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ እስክመለስ እዚሁ ውሃው ውስጥ ይቆይ፣ ሱቁን አደራ፣ አሉና ቆባቸውን ደፍተው ወጡ። ሱቁን አደራ! ሰው ጥላውን በማያምንበት ዘመን፣ ሱቅ ሙሉ ሰዓት፣ በስም እንኳ ለማያውቋት ሴት። ወሎዬ ሲያምን ማመኑ ያስፈራል። እሷም እንደ ሞኝ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ላይ ዘንቢል፣ ከፊቷ ብርጭቆ።

ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ የየራሳቸውን ያወራሉ፣ አንዱ ሦስት ነው ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ ጭራሽ ቆሟል፣ ውጭ ጋሪ ያልፋል፣ የፈረሱ ቃጭል፣ አቧራ፣ የናዝሬት ንፋስ እንደ ልማዱ ቆርቆሮ እየነካካ ነው፣ ሙቀቱ ዓይኗን ይጎትታል፣ ውሃው ቁጥሮቹን አሳብጧቸዋል፣ ቀይዋ ቀጭን ዘንግ ግን አትቆምም፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከውሃው በታች፣ ማንም ሳይነካት። አትቆምም እንዴ? አትቆምም።

ሰዓት ግዢልኝ። ያላት ይቺን ብቻ ነው፣ ትናንት፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገመድ ሲያጠብቅ፣ ገበያ ከወጣሽ ሰዓት ግዢልኝ የሺ ኮ፣ የእኔ የሺ ማለቱ ነው በኦሮምኛ፣ ምን ዓይነት ሰዓት አለችው፣ ጠንካራ፣ ለምን የሚሆን፣ ገመዱን ጠበቅ። ወንድ ልጅ መልሱን ለገመድ ሲሰጥ እንዴት እንደሚያናድድ። ልትጮህበት ነበር፣ ለመሬት ነው ለውሃ? ቀረህ ወይስ ትመለሳለህ? ወንድሙ ሆራ ባለፈው ሳምንት ከዝዋይ መጥቶ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበሩን መልእክት አድርሶ ሄዷል፣ ጓድ ወዬሳ መስከረም ሳይጠባ ካልተመለሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ወዬሳም ሰማ፣ ገመዱን አጠበቀ፣ በሳምንቱ ሰዓት ግዢልኝ አለ። እንግዲህ ተርጉሚ የሺዓለም። ፈርቷል፣ አፍሯልም፣ ሁለቱንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ምርጫውን ለእሷ ጣለላት፣ ቀጭኑን ይዛ ከገባች እሰየው አትሂድ አለችኝ ብሎ ናዝሬት ይቀራል፣ ጥቁሩን ይዛ ከገባች ደግሞ ሂድ አለችኝ ብሎ ይሄዳል። አቤት ተንኮል። ተንኮል እንኳ አይደለም፣ ምስኪን።

ያኔ የመጀመሪያው ሰዓቱ ምን አጠፋ? ምንም። የፈረንጁ ስጦታ ነበር፣ የዓሣ ጥናት ሊያጠና የመጣው ቀያዩ ሰውዬ፣ ወዬሳን ወዶት ከእጁ ፈትቶ የሰጠው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ፣ ወዬሳም አንድ ቀን እንኳ ሳያስተካክለው ከሰዓት ቆጣሪው ዘንግ ትይዩ ያለውን ቁጥር እያየ በእኛ ያነብበው ነበር፣ ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የሚያናድደውም ይኸው፣ ሰዓቱን ማዞር የሚያውቅ ሰው ቃሉን ማዞር ማን ያስታውሰው፣ ፈረንጁ በአማርኛ ነዋ የነገረው፣ ከመጽሐፍ በለቀማት አማርኛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት በሞተር ጀልባ እመጣለሁ፣ ደሴቷ ጥግ ጠብቀኝ፣ ጎትቼ እወስድሃለሁ። አሥራ አንድ። በአማርኛ አሥራ አንድ ካሉ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ያዘነበለችበት ነው፣ ሌላ አሥራ አንድ ከየት ይመጣል፣ የዝዋይ ሕፃን ሁሉ ከቀትር በኋላ ሐይቁ እንደሚነሣ ያውቃል፣ ወዬሳም ያውቃል፣ ሞተር ካለ ግን ንፋስ ምን ያመጣል ብሎ ከደሴቷ ጀርባ መረቡን ተረጋግቶ ጣለ፣ ፈረንጁ በራሱ አሥራ አንድ፣ በእኛ አምስት ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ጠብቆ፣ ሰው ሲያጣ በራሱ ሄዷል ብሎ ተመለሰ፣ ወዬሳ በእኛው አሥራ አንድ ደሴቷ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማዕበሉ ተነሥቷል፣ ሞተር የለም፣ ይመጣል፣ ቃሉን ሰጥቷል፣ ይመጣል።

በማግስቱ ከሸምበቆ መሃል አወጡት። ከደንገል የተሠራው ጀልባው ተበትኖ የቀረች አንድ እቅፍ ደንገል ደረቱ ስር ይዞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጁ ላይ ያለው ሰዓት በጉም ታፍኖ። ተመስገን፣ ተርፏል፣ መትረፉ ሲረጋገጥ ደግሞ ሰው መሳቅ ጀመረ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ኦቦ አሥራ አንድ መጣ ይሉታል፣ ስንት ሰዓት ነው ኦቦ አሥራ አንድ፣ በየትኛው፣ ካካካ፣ መጀመሪያ አብሮ ሳቀ፣ ኋላ ሻይ ቤት መግባት ተወ፣ ኋላ ሐይቁን ማየት ተወ፣ ሰዓቱን ለሆራ ጣለለት፣ ልብሱን ጠቀለለና እናትሽ ግቢ ክፍል አለ ብለሽኝ አልነበር አላት። እንዲህ ነው ናዝሬት የገቡት፣ ዓመት አለፈው። አሁን ዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ይሸከማል።

እና ምን ጎደለ? ይበላል፣ ይጠጣል፣ ነጭ ዱቄት ለብሶ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ አስታጥቢኝ ሲላት ታፈስስለታለች፣ በቃ ጨረስን ካለችው በኋላ እንኳ እጁን ከሳፋው አያወጣም፣ ጣቶቹን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ ይቆያል፣ ምን እያደረግህ ነው፣ ኧ፣ ምንም። ይሄ ነው የጎደለው። ሰውዬው ሳፋ ዳር የቀረ ሰው ነው። ስትስቅ ይስቃል፣ ዘግይቶ። ስትጠራው አቤት ይላል፣ ዘግይቶ። እማዬ ወርቅውሃ ታዲያ ምን ትላለች፣ አንቺ ልጅ፣ ጌታ ከውሃ አውጥቶ ሰጠሽ፣ መልሰሽ ልትከቺው ነው? እውነቷን ነው። እማዬ ስትናገር ሁልጊዜ እውነቷን ነው፣ የሚያስጠላውም እሱ ነው።

ያኔ ግን፣ ያኔ የሺዓለም ገና ሳታገባ፣ ዝዋይ አክስቷ ጋ በሄደች ጊዜ፣ ወዬሳ ሐይቁን ላሳይሽ ብሎ ከደንገሉ ጀልባ ላይ ያስቀመጣት፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ፣ ዋና አትችል፣ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ስትል፣ ዝም በይና አዳምጪ አላት፣ ጠዋት ነው፣ ውሃው የተኛ፣ ጉማሬ ሩቅ ያስነጥሳል፣ መቅዘፊያው ጨብ፣ ጨብ፣ ወዬሳ መዝሙር ጀመረ። ጮክ ብሎ! በዚያ ጎርናና ድምፅ! እሷ ተሳቀቀች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ናዝሬት ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጋዘን ከሆነ ቆይቷል፣ የሚዘምሩት እማዬ ሳሎን መጋረጃ ተዘግቶ፣ በከንፈር ብቻ፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው፣ ጴንጤ ጴንጤ እየተባሉ፣ ድምፃቸውን መዋጥ የለመዱ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ሐይቁ መሃል ቆሞ እንደ ልቡ ይዘምራል፣ ኧረ ሰው ይሰማናል ስትለው ሳቀ፣ ውሃ ላይ ምን ቀበሌ አለ? እሷም ከፈተችው፣ አፏን፣ ከዓመታት በኋላ፣ ድምፅዋ ለራሷ አዲስ ሆነባት፣ አለቀሰች፣ ያን ቀን ነው የወደደችው፣ ሴት ስታገባ ባልሽን የት ወደድሽው ይሏታል፣ ውሃ ላይ ነዋ፣ የት ይሆናል፣ ውሃ ላይ የወደደችውን ሰው ጆንያ ስር ይዛ ትኖራለች።

ናዝሬት አንድ ቀን ዘምሯል? አልዘመረም። መጋረጃ ውስጥ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም።

ቀይዋ ዘንግ ትዞራለች። ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል፣ ብርጭቆው ሰፍቶ ሰፍቶ ሐይቅ ያህላል፣ ታች ሰዓቱ አለ፣ ሰዓቱ ውስጥ ትንሽዬ ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ ወዬሳ፣ ምን አለ እንዲህ ቢሆን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገረውስ ይቅር፣ ሰውዬው የት እንዳለ የሚናገር ሰዓት ቢሠሩ፣ እሱ እዚያ አስሮ፣ እሷ እዚህ አስራ፣ ገልጣ ስታይ፣ አሁን ደሴቷ ጥግ ነው፣ አሁን መረቡን እየሳበ ነው፣ አሁን ዞረ፣ መጣ፣ መጣልኝ፣ ያኔ ይሂድ፣ ያኔ በየቀኑ ይሂድ፣ ጨረቃ ላይ ወጡ ይባል የለ፣ ለእሱ ያልሰነፉ ሰዎች ይቺን ምን አቃታቸው፣

ልጄ፣ ተኛሽ እንዴ፣ የጋሽ አብዱናሲር ሳቅ ነው፣ ፊታቸው ከውዱእ ትጥበት እንደረጠበ፣ አልተኛሁም፣ ሰዓት እያየሁ ነው፣ ሰው የት እንዳለ የሚናገር ሰዓት የለዎትም? ምን? አሉ፣ የት እንዳለ፣ ሰውዬው። አዩዋት፣ ቀስ ብለው፣ እሱን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ አብሽሪ፣ አሉ፣ እጃቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተው ሰዓቱን አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፣ ጆሮዋ ላይ አስጠጉላት። ይሠራል። ጠብታ የለውም፣ ጉም የለውም፣ እንዳይሠራ ስትጸልይ እንደነበር ያወቀችው ይሄኔ ነው፣ ጌታ ሆይ ይቁምልኝ፣ ይቁምና ቀጭኑን ይዤ ልሂድ ስትል ነበር፣ አልቆመም፣ ደስም አላት፣ ከፋትም።

በፈረንጅ ልሙላው በእኛ?

በእኛ! ጮኸች። ጋሽ አብዱናሲር ክው አሉ፣ እሺ፣ እሺ፣ በእኛ፣ ማን ከለከለሽ፣ ቁልፉን ይጠመዝዛሉ፣ እሷ ታፍራለች፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ምንም አይደል፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ባልሽ ሲቀዝፍ ሁለቱም እጁ ተይዟል፣ ውሃው ይረጨዋል፣ ታዲያ በየት በኩል ያየዋል ይሄን ሰዓት? ሐይቅ ላይ የቀዘፍኩ ሰው አይደለሁም፣ ለማወቅ ያህል ነው።

በየት በኩል ያየዋል። ልክ ናቸው፣ አያየውም፣ ያን ቀንም ቢያየው ምን ያደርግለታል፣ ብቻውን ነዋ፣ አንድ ሰው፣ አንድ አሥራ አንድ፣ ኧረ በየትኛው አሥራ አንድ ነው ያለህ ብሎ የሚጠይቀው አጠገቡ የለም፣ ሰዓት አይጠይቅም፣ ቀጭኑም አይጠይቅ፣ ወፍራሙም አይጠይቅ፣ ሰው ነው የሚጠይቀው፣ እሷ ደግሞ ስትጠይቅ ማን ይችላታል፣ እማዬ እንኳ አንቺስ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ የምትላት፣ ስንት ሰዓት ነው፣ በየትኛው፣ ንፋሱ ስንት ሰዓት ይነሣል፣ እንመለስ፣ ኧረ እንመለስ፣ መረቡ ይቅር እንመለስ፣ ጆሮውን ታደነቁረዋለች፣ ማኅበሩስ፣ ሴት በዓሣ ጀልባ ምን ትሠራለች ይላል፣ ይበላ፣ በየስብሰባው የሴቶች እኩልነት እያለ ሲጮህ የሚውል ማኅበር አሁን ምን ሊል ነው፣ እማዬስ፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ላጣ ነው ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ታች የለውም።

ጋሽ አብዱናሲር ማሰሪያውን ዘርግተው ወስፌ አነሡ። ቀዳዳ ልጨምርበት፣ የባልሽ እጅ ምን ያህላል፣ ወፍራም ነው?

የሺዓለም ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እጇን በሰዓቶቹ ማሳያ መስታወት ላይ ዘረጋች፣ በዚህ ይለኩት።

ለባልሽ መስሎኝ፣

እሱ ይቀዝፋል፣ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰውዬው እጇን አዩ፣ ቀጭን የከተማ እጅ ነው፣ ዓይኗን አዩ። ዋና ትችያለሽ?

አልችልም።

ታዲያ?

ታዲያማ ጠበቅ አድርገው ይብሱልኝ።