አትነሳ

ሂሳኖ የዚያን ቤት ሽታ መጥላት የምትጀምረው ገና ከበሩ ነው። ሽንት በሎሚ ሳሙና ሲታሽ ሽንትም ሎሚም አይሆንም፤ ከሁለቱ የባሰ ሌላ ነገር ይሆናል። ባሏ ኢሳሙ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ እዚህ የአረጋውያን ማቆያ ከገባ አምስት ወሩ ነው። እሷም በየጠዋቱ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትገባለች።

ዛሬ ግን ከከተማው አስተዳደር ገምጋሚ ትመጣለች። ሰው ምን ያህል አቅም እንዳለው እየጠየቀችና እያየች ደረጃ የምትሰጥ ናት። ኢሳሙ ከወንበር መነሳት ካቃተው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይወሰዳል። ከሦስተኛው ፎቅ በእግሩ የወረደ ሰው ሂሳኖ እስከ ዛሬ አላየችም። ከተነሳ ደግሞ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ክፍሉ ስትደርስ ሁለት ሠራተኞች ብብቱን ይዘው ከአልጋ ወደ ዊልቸር እያዛወሩት ነበር።

"አትነሳ አባባ፣ አትነሳ! እኛ አለንልህ አይደል? ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!" ትላለች አንደኛዋ፣ ጡጦ ላልጣለ ሕፃን በሚወራበት ድምፅ። አርባ ዓመት ሙሉ በኦታሩ ከተማ ዳገት ላይ በብስክሌት ደብዳቤ ያደለ ሰው፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ዳይፐር ስለተቀየረለት "ጎበዝ" ተባለ። ሂሳኖ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች።

"ሽንት ቤት ለምን አታደርሱትም?"

"ውይ እትዬ፣ እሱን ማድረስ ሃያ ደቂቃ ነው። መቀየር ሦስት ደቂቃ።"

አላፈረችም እኮ! ሠራተኛዋ ይህን ብላ ወጣች።

ሂሳኖ ተንበርክካ የባሏን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበችለት። "እስቲ ቀለበትህን ሥራ" አለችው። ኢሳሙ የሁለት እጁን አውራ ጣቶችና አመልካች ጣቶች ገጥሞ ባቱን ከበበ። ሽማግሌ ሁሉ ጡንቻው መቅለጥ አለመቅለጡን የሚያይበት መንገድ ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን ጣቶቹ አልገናኝ ብለውት፣ "የኔን ባት ማን ያስረዋል!" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቅ ነበር። አሁን ቀለበቱ ተገጥሞ ክፍተት ተረፈው።

"እርሳስ ይገባበታል" አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የቤቱ ኃላፊ አቶ ኦኩሙራ ወገቡን ሰበር እያደረገ ገባ። እጁ ላይ ትንሽ ጠርሙስ አለች።

"ወይዘሮ ሂሳኖ፣ እንኳን ደህና መጡ! ለአባታችን አዲስ ነገር አግኝተናል። ጡንቻ ወደ ደም የሚልከው መልእክተኛ አለ፣ ማዮካይን የሚሉት። ለአንጎል በሉ፣ ለአጥንት በሉ፣ ለጉበት በሉ፤ እርጅናን ያዘገያል። እሱ በጠርሙስ መጣልን። ተኝተው በእግር እንደተንሸራሸሩ ይቁጠሩት!"

ይህን የሚነግረው ለማን እንደሆነ አላወቀም። ሂሳኖ ሃያ ስምንት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ ብስክሌት ከሚረግጡ ሰዎች ክንድ ደም ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። ይፈልጉ የነበሩት ያንኑ መልእክተኛ ነው።

"አቶ ኦኩሙራ፣ ጡንቻ መልእክቱን የሚልከው ሲሠራ ነው። በአፍ ከገባማ ጨጓራ እንደ እንቁላል ፈጭቶ ይጨርሰዋል። ይሄ ሾርባ ነው፤ ያውም ጨው የሌለው።"

"ሾርባ ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?"

"ሾርባው አይደለም የሚጎዳው። 'ጠጥተሃልና አትነሳ' ማለታችሁ ነው።"

ኃላፊው በጥርሱ ብቻ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኢሳሙ ጆሮ ጎንበስ አለ። "አባባ፣ ገምጋሚዋ ስትመጣ እንዳይነሱ፣ አደራ። ወድቀው ጉድ እንዳያፈሉብን።" ጠርሙሷን ትራሱ አጠገብ ትቶ ሄደ።

"ያቅለሸልሻል!" አለች ሂሳኖ። "ሰውን በቁሙ ገንዘው ሲያበቁ ጎበዝ ይሉታል!"

ኢሳሙ ቀና ብሎ አያት። "ምነው እነሱ ላይ በረታሽ? አንቺስ?"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፣ ውሃ ስል አትነሳ፤ ጋዜጣ ስል አትነሳ፤ መነጽሬን ስፈልግ አትነሳ። እኔም ተመቸኝ፣ አልዋሽሽም። ያን ቀን ስወድቅ ግን እግር አልነበረኝም፣ ሂሳኖ።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህች ናት። ቀን የሰው ጡንቻ የሚናገረውን ስትለካ ውላ፣ ማታ ቤቷ ገብታ የባሏን ጡንቻ አፉን ስትዘጋው ኖራለች። ያ የሎሚና የሽንት ሽታ ከራሷ ልብስ የሚወጣ መሰላት። ራሷን ተጸየፈች።

ገምጋሚዋ ወረቀቷን ይዛ ገባች፤ ልጅ እግር ናት። ኃላፊውም ተከትሏት ቆመ።

"አባባ፣ ሳይያዙ ከወንበር መነሳት ይችላሉ?"

"አይችሉም" አለ ኦኩሙራ።

"እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።"

በእነሱ አገር ሽማግሌ ሁሉ ገምጋሚ ፊት ጀግና ነው። ቤቱ ማንኪያ ማንሳት ያቃተው፣ እንግዳዋን ሲያይ ብድግ ይልና ቤተሰቡን ጉድ ይሠራል። ሂሳኖ ስትስቅበት የኖረችውን ያን ጉራ ዛሬ ለባሏ ተመኘችለት።

ኢሳሙ እጆቹን የወንበሩ ክንድ ላይ ተከለ። ገፋ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጎብጦ ቀረ። የሂሳኖ አፍ እሷን ሳይጠይቅ "አት—" አለ። ምላሷን ነከሰች። የዘረጋችውን እጇን በሌላው እጇ ይዛ መለሰችው።

ቆመ። ዳይፐሩ በሱሪው ውስጥ ወደ ታች ተንሸራቶ ጉልበቱ ጋ ተጎልቷል፤ ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል። የሚያስጠላ አቋቋም ነበር።

"ጻፊ" አላት ገምጋሚዋን።

ቤቱ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ኢሳሙ ከወንበሩ ሆኖ "ሂሳኖ፣ ውሃ" አለ። ጉልበቷ ቀድሟት ተነስቶ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ከጭኗ ሥር ደበቀች።

"ወጥ ቤት ነው ያለው።"

"ጨካኝ!" አለ። አቃሰተ፣ ተሳደበ፣ ተነሳ። እግሩ ወለሉን እየጠረገ ሲሄድ እያንዳንዷን እርምጃ ሰማች። ስምንት ሜትር የማይሞላው መንገድ አላልቅ አላት። በመጨረሻ ቧንቧው ተከፈተ።

"ላንቺም ላምጣልሽ?" አለ ከወጥ ቤት፣ እያለከለከ። "አትነሺ!"

ሂሳኖ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለች።