በደቂቃ መቶ ሰማንያ

የእርምጃ መቁጠሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

መሮጫ ማሽኑ ላይ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የምንላት፤ አጭር ናት፣ አርፋም አትቀመጥም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ለብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድር አለባት። ግራ ቅልጥሜን ትንሽ ይቆጠቁጠኛል ስላለች ወደምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጎትቼ አመጣኋት። አሰልጣኟም ተከትለውን መጥተው በሩ አጠገብ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

በሰዓት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ መቶ ሰማንያ እርምጃ ሮጠች። ወደ አሥራ ስድስት ከፍ አደረግኩት። መቶ ሰማንያ። ሃያ አስገባሁ። አሁንም መቶ ሰማንያ!

እንዲህ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው ሲፈጥን እርምጃው ይረዝማል፤ ይበልጥ ሲፈጥን ደግሞ ቁጥሩም ይጨምራል። ማንም አያስተምረውም፣ እግሩ ራሱ ያውቀዋል። የእሷ እግር ግን ቁጥሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ በርዝመት ብቻ ይንጠራራል። ቪዲዮው ላይ ተረከዟ ከጉልበቷ ርቆ ወደፊት መሬቱን ሲደበድብ ይታያል። በየእርምጃው ፍሬን እየያዘች ነው የምትሮጠው።

ማሽኑን አቆምኩት።

"ምን ሆነሻል? ገና መሞቄ እኮ ነው!"

"ምን እየቆጠርሽ ነው?"

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። ጢው፣ ጢው፣ ጢው ይላል። "ይሄን ነዋ! ቀስ ብልም ብፈጥንም ከድምፁ ዝንፍ የለም። ሁለት ዓመቴ።"

ወደ አሰልጣኙ ዞርኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትኛው ደደብ ነው ይሄን የነገረዎት?"

አልተቆጡም። ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጡ። "ኧረ ልጄ፣ አንቺው ነሽ።"

የእጅ ጽሑፌ ነው። በደቂቃ 180 እርምጃ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሕንፃ በር ላይ አስቁመው ጠየቁኝ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጫር አደረግኩላቸው። የአንድ ረጅም ሯጭ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ የተለካ ቁጥር መሆኑን ግን አልጻፍኩም።

"ያን ቀን ታክሲ ቆሞልኝ ነበር" አልኩ።

"እኔ ደግሞ የተማረ ሰው የጻፈውን አላጓድልም ብዬ…" አሉና ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ጀርባው ላይ ቀሪው ያለ ይመስል።

ተንበርክኬ ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ወረድኩ። ከመሃል ትንሽ ዝቅ እንዳልኩ፣ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ፣ እህቴ ጮኸች። ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

"ይሄ ጡንቻ አይደለም፣ አጥንት ነው። አሁኑኑ ራጅ እንነሳለን።"

"ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ አትሮጪም።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ማዳመጫው ከእጇ ተንጠልጥሎ ጢው ጢው ይላል። ወረቀቱን ከአሰልጣኙ ተቀብላ አነበበችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ታክሲውስ" አለች፣ "ደረስሽበት?"