አሥራ አራት ቁጥርን ማን አጠፋው?

የአንዲት ተማሪ የአራት ወር ልፋት በአንድ ጣት ድራሹ ሲጠፋ፣ ተጠያቂው ጣቱ ነው ወይስ ጣቱን ያዘዘው አፍ? ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የሆነውን ስሙ።

የኮሌጁን የኮምፒውተር ክፍል የምትይዘውን ቴክኒሺያን ተማሪዎቹ "እትዬ ፓስወርድ" ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተረሳ ፓስወርድ ስትቀይር፣ የተቀረቀረ ወረቀት ከፕሪንተር ሆድ ስትጎትት ወገቧ ጎብጧል። ከሠላሳዎቹ ማሽኖች የሚሠሩት አሥራ ስድስቱ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አንዴ ጠፍተው ሲነሱ የተጻፈባቸውን ሁሉ ጠርገው ባዷቸውን ይነሳሉ፤ ቫይረስ ለመከላከል ነው ተብሏል። ፍላሽ መሰካትም በዚሁ ሰበብ ተከልክሏል። ተማሪ ሥራውን የሚያስቀምጠው ኮሌጁ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ሰርቨሩ ከተበላሸ ግን ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ኢንተርኔቱም አብሮት ሄዷል። ፕሪንተሩ ቀለም የለውም።

ታዲያ ተማሪዎቹ ምን ዘየዱ? ሰርቨሩ ሲበላሽ ተከፍቶ የነበረ ሥራቸውን እንደያዘ ማሽኑን ሳያጠፉ መሄድ። ስክሪኑ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፦ "አልሞትኩም፣ ተኝቼ ነው፤ አትንኩኝ።" እትዬም ከሥራ ስትወጣ እነዚያን እያለፈች ሌሎቹን ታጠፋለች። ማንም ሳይጽፈው የቆየ ስምምነት ነበር።

ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ የቴክኖሎጂ ዳይሬክተሩ መጣ። "ከሥራ ሰዓት በኋላ ማንኛውም መሣሪያ ይጠፋል" የሚለውን መመሪያ ያወጣው እሱ ነው። በር ላይ ቆሞ ወረቀት የተለጠፈበትን አሥራ አራት ቁጥር ማሽን በአገጩ ጠቆማት።

"ይሄስ?"

"ሥራ አለበት ጌታዬ። የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።"

"መመሪያው ላይ 'ሥራ ከሌለበት' የሚል ቃል አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው?"

እግሯ አብጧል። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ተቀምጧል። ከሰው ጋር የምትነታረክበት አቅም ከምሳ በፊት አልቋል። ጣቷን ሰደደች፤ ስክሪኑ ጭልም አለ።

ዓርብ ጠዋት የጽሑፉ ባለቤት መጣች።

"እትዬ፣ አሥራ አራትን ማን ነካው?"

"እኔ።"

"አይቀልዱብኝ፣ በሞቴ!"

"ብቀልድ በወደድኩ፣ ልጄ።"

"ሰባ ሁለት ገጽ ነበር እኮ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የማስረክበው።"

አልጮኸችም። ብትጮህባት ለእትዬ ይቀላት ነበር። ልጅቷ ካላስረከበች ዘንድሮ አትመረቅም፤ ነገሩ ይኸው ነው። አማካሪ መምህሯ ግን ሰው ነውና፣ "ጥፋቱ የኮሌጁ መሆኑን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ወረቀት እስከ ማስረከቢያው ሰዓት አምጪ፤ ሦስት ሳምንት እጨምርልሻለሁ" አላት።

ማህተሙ ያለው ዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። እትዬ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ፊቱ ቆመች። እሱ መሳቢያውን አልከፈተም፤ አንድ ቅጽ ገፋላት።

"ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ። 'የመሣሪያ ብልሽት' ወይም 'የተጠቃሚ ስህተት'።"

"'የአለቃ ትእዛዝ' የሚለው የታለ?"

"መሣሪያው ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም።"

"እንግዲያው የቀረው አንድ ነው፤ የልጅቷ ስህተት። እስክሪብቶ ልስጥሽ?"

እዩልኝ ይህን ጉድ! ማሽኑን ያስጠፋው እሱ፣ ቅጹን ያረቀቀው እሱ፣ ጥፋተኛ የሚመርጠውም እሱው።

"ልጅቷ ዘንድሮ አትመረቅም እኮ!"

"ለከርሞ ትመረቃለች። ልጅ ናት፤ አንድ ዓመት ምን አላት?"

እትዬ ምልክት ግን አላደረገችም። ቅጹን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ክፍሏ ገብታ በእጇ ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዛ ተማሪ በሚግተለተልበት ኮሪደር ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄደች። ልጅቷ ከኋላዋ ደረሰችባት።

"እትዬ፣ ያባርሩዎታል!"

"ያባርሩኝ፤ እግሬ ያርፋል። ይልቅ ይችን ጫፍ ያዢልኝ።"

የለጠፈችው ይህ ነበር፦

"ለቴክኖሎጂ ዳይሬክተሩ፦ ሐሙስ አሥራ አራት ቁጥርን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሥራ እንዳለበት ነግሬዎታለሁ፤ ያስጠፉኝ እርስዎ ነዎት። ተማሪዋ ምንም ጥፋት የለባትም። ዋሽቻለሁ ካሉ ዋሽታለች ይበሉ። ካልዋሸሁ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ማህተሙን ይምቱላት። ቢሮ ጠርተው በጆሮዬ እንዳይመልሱልኝ። መልስዎን እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ስምዎንና ፊርማዎን አኑረው፣ ይህ ሁሉ ተማሪ እያየ ይለጥፉ!"